ግቢን ያለ መርዝና ያለ ዩሪያ ማልማት፦ ከየት ይጀመራል?

የጉለሌ ልጅ (ግንቦት 9፣ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ከቤታችን ጀርባ 70 ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ አለን። ፊት ለፊቱ ከበር እስከ በረንዳ ሊሾ ነው። እናቴ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ትተክላለች። አፈሩ ቀይ ነው፣ ቦታው ዳገት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ከጓሮ ተነስቶ፣ በሊሾው ላይ ተንደርድሮ፣ አፈሩን ይዞ አስፋልት ይወርዳል።

ዘንድሮ ይህን ቦታ በደንብ ማልማት እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቻችን ዩሪያ ይበትናሉ። ጎመን ላይ ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት) ሲወጣ ደግሞ ከገበያ በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ስም እንኳ ያልተጻፈበት መርዝ ገዝተው ይረጫሉ። እኔ የሁለት ሕፃናት እናት ነኝ። ልጆቼ አፈር ላይ ነው የሚውሉት፤ ጎመኑንም የምንበላው እኛው ነን። ዩሪያውም መርዙም ደጄ እንዲደርስ አልፈልግም። ግን ሰው ሁሉ "ያለ እነሱ ምንም አይበቅልልሽም" ይለኛል። እውነት ነው? ብዙ ገንዘብ የለኝም፣ ጉልበት ግን አለኝ።

የጓሮ ሰው (ግንቦት 9፣ ማታ)

እህቴ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን በግብርና ሙያ ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን ጥያቄ ስለምወደው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

"ያለ ዩሪያ አይበቅልም" የሚለው እውነት አይደለም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ አንድ ሥራ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከጀማሪዎቹ አንዱ ናቸው። ገበሬዎቹ ኮምፖስት ብቻ እየጨመሩ ከዩሪያና ከዳፕ ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት አግኝተዋል። ያውም በተራቆተ መሬት ላይ። አንቺ ያለሽ 70 ካሬ ነው።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክሉን ቶሎ ያለመልመዋል። ግን በአንድ ጊዜ የተበተነው በዳገት መሬት ላይ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። አፈሩን እያደር አሲዳማ ያደርገዋል። ሌላም አለ። በናይትሮጅን የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ክሽክሽ የሚወደው ምግብ ነው። ዩሪያ ትበትኛለሽ፣ ክሽክሽ ይመጣል፣ መርዝ ትገዣለሽ፣ መርዙ ክሽክሹን የሚበሉትን ነፍሳት አብሮ ይጨርሳል፣ ክሽክሹ በእጥፍ ይመለሳል። ጎረቤቶችሽ ያሉት እዚህ አዙሪት ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው "ምን ልግዛ?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ ከግቢሽ በር የሚወጣውን ተመልከቺ እላለሁ። ውሃው ይወጣል። አፈሩ ይወጣል። ቅጠሉ ተጠርጎ በጆንያ ይወጣል። የሽንኩርት ልጣጩ በፌስታል ይወጣል። ከዚያ በኋላ ውሃ ከቧንቧ፣ ማዳበሪያ ከሱቅ ይገዛል። የሚወጣውን አስቀሪ፣ የምትገዢው ይቀንሳል።

ከውሃው ጀምሪ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያሽ 80 ካሬ ቢሆንና አንድ የሐምሌ ዶፍ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,600 ሊትር መጣልሽ ማለት ነው። አሸንዳ ካለሽ ሮቶ ወይም በርሜል ሥር አድርጊለት። ከረዥም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ እሱን አፍስሺው።

ዳገቱን በተመለከተ፣ ቁልቁል የሚሄድ መደብ አትሥሪ። ሁሉንም አግድም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ ካገኘሽ በእሱ እየለካሽ አንድ ክንድ የሚሰፋ ቦይ አግድም ቆፍሪ፤ አፈሩን ከቦዩ በታች ከምሪው። ክምሩ ላይ ጠጅ ሳር ደርድሪበት። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ሻይ ይሆንሻል። ውሃው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል እንጂ አይንደረደርም። ከቻልሽ ከሊሾው ላይ አንድ ረድፍ አስነሺና በቦታው አሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን አድርጊ። ኮብልስቶን በመሐል በመሐሉ ውሃ ያስገባል፣ ሊሾ አያስገባም።

ኮምፖስቱን ነገ እጽፍልሻለሁ። መሽቷል።

እናት ጓዳ (ግንቦት 10፣ ጠዋት)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ስለ ጓዳ ልጨምር።

በእኛ ቤት በቀን የሚላጠው ሽንኩርት ብቻ አንድ ሳህን ይሞላል። ድንች፣ ካሮት፣ የጎመን አንጓ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሲጨመር የጓዳችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ጓዳ አስቀምጪ፣ ሲሞላ ወደ ክምሩ ውሰጂው። ወጥ፣ ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት ያለው ነገር ግን አታስገቢ፤ አይጥ ይጠራል። የተረፈ እንጀራም ቢሆን ድርቆሽ ይሁን እንጂ ክምር ላይ አይጣል።

በበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ አለ አይደል? በማግስቱ ተጠርጎ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። እኔ ጎመኔ ሥር ነው የምጎዘጉዘው። አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱን ይይዛል፣ አረሙን ያፍነዋል። በበጋ የማጠጣበትን ቀን በጣም አራርቆልኛል። ግንዱን ግን አይንካው፤ አንድ ጣት ያህል ክፍት ተዪለት፣ አለበለዚያ ይበሰብሳል።

እጣቢ ደግሞ አትድፊ። ጎመን፣ ድንች፣ ሩዝ የታጠበበት ውሃ በቀጥታ መደብ ላይ ይሂድ። ኦሞ ያለበትን የልብስ ውሃ ግን አታጠጪበት። ውስጡ ያለው ጨው አፈር ላይ እየተጠራቀመ አፈሩን ያደድረዋል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልናገር። ኅዳር ሲታጠን፣ ኅዳር 12፣ ሰፈሩ ሁሉ ደረቅ ቅጠሉን ከፌስታልና ከፕላስቲክ ጋር ከምሮ ያቃጥላል። አስም ያለባቸው ልጆች ያን ቀን ይሰቃያሉ። ያ ቅጠል እኮ ለኮምፖስት ትልቁ ሀብት ነው።

ሰሚት (ግንቦት 10፣ ከሰዓት)

እናት ጓዳ፣ ኅዳር ሲታጠን ባህላችን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲጨርሰው የተጀመረ ነው ይባላል። እሱንም ልንተው ነው?

እናት ጓዳ (ግንቦት 10፣ ከሰዓት)

ወንድሜ፣ እንተወው አልልም። የቀኑ ቁም ነገር ጽዳቱ ነው፤ ጽዳቱ ይቀጥል። ቅጠሉ ለብቻ ወደ ጓሮ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ለሚሰበስቡት ይሰጥ። ለማጠኛ አንድ እፍኝ ወይራ በቂ ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ የድሮ ሰዎች አያውቁትም ነበር።

ሰሚት (ግንቦት 10፣ ማታ)

ተቀብያለሁ። የኔም ጥያቄ አለ። እኛ ጋ አፈሩ ጥቁር ነው፣ መረሬ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ይነቅላል። አመድ ጨምርበት ያሉኝ ሰዎች አሉ። ልጨምር?

የጓሮ ሰው (ግንቦት 10፣ ማታ)

አትጨምር። አመድ የአሲድ ማርከሻ ነው። ለጉለሌዋ ልጅ ቀይ አፈር ይጠቅማል፤ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው፣ የእንጦጦ ግርጌም ከዚያ ወገን ነው። ለእሷ በካሬ አንድ ሁለት እፍኝ የንጹሕ እንጨት አመድ በዓመት አንዴ ጥሩ ነው። የአንተ መረሬ ግን አሲዳማ አይደለም፤ አመድ ስትጨምርበት ጭራሽ ታበላሸዋለህ። የአንተ ችግር ውሃ መቋጠሩ ነው። ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሥራ፣ በመደቦቹ መሐል ውሃው የሚሄድበት ቦይ ተው፣ ኮምፖስት በየዓመቱ መግበው። ጭቃ ሆኖ እያለ አትርገጠው፣ አትቆፍረው። የተረገጠ መረሬ ሲደርቅ ጡብ ነው።

አሁን የኮምፖስቱ ነገር። ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል። ለበጋ ጉድጓድ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ለክረምት ግን ውሃ ይሞላውና ይከረፋል። ስለዚህ አሁን የሚጀመረው ከመሬት በላይ በክምር ነው። ስፋቱም ቁመቱም አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም።

ከሥር ጭራሮ አንጥፊ፣ አየር እንዲገባ። ከላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ ግማሽ ስንዝር እርጥብ ነገር፦ የጓዳ ልጣጭ፣ አረም፣ የታጨደ ሳር። ከዚያ ስስ አድርገሽ ፍግ፣ ከላዩ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ አፈር። ውሃ ረጨት። እንዲህ እየደጋገምሽ ትከምሪያለሽ። ደረቁ ከእርጥቡ በሁለት እጥፍ ይብለጥ። የሚከረፋ ክምር ደረቁ ያነሰበት ነው።

መሐሉ ላይ አንድ ረዘም ያለ ዱላ ሰክተሽ ተዪው። እሱ ነው ሐኪምሽ። በሳምንቱ ምዘዢውና በእጅሽ ያዢው። ሞቆ፣ ወዝቶ፣ የጫካ አፈር ከሸተተሽ ክምሩ እየሠራ ነው። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውሃ አጠጪ። ከቀዘቀዘና ከከረፋ አገላብጪው፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሪበት። ጥሩ ክምር ከመሐሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የአረም ፍሬን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። የሰርዶ ሥር ግን በጭራሽ እንዳታስገቢ። ከክምሩ ዳር ከቀረ በሕይወት ይወጣና መደብሽን ይወርሳል። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ግደይው። የባህር ዛፍ ቅጠልም አታብዢ፤ ዘይቱ መበስበስን ያዘገያል። መተላለፊያ ላይ ልትጎዘጉዢው ትችያለሽ።

ከላይ በኮባ ቅጠል ወይም በሸራ ሸፍኚው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ከሦስት እስከ አራት ወር ስጪው። ዛሬ የተከመረ መስከረም ላይ ይደርሳል።

ከዚራ (ግንቦት 11፣ ጠዋት)

ከድሬዳዋ ሰላም። ስለ ክሽክሽ ማንም አልነገረሽም።

እኛ ጋ ኒም የሚባለው ዛፍ በየመንገዱ አለ። ፍሬው ሲበስል ለቅመን፣ ልጣጩን አውልቀን፣ ጥላ ላይ አድርቀን እንወቅጠዋለን። 50 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ አድሮ ተጣርቶ ይረጫል። ማታ ነው የሚረጨው፤ ፀሐይ ያከሽፈዋል፣ ንቦችም ማታ ቀፏቸው ገብተዋል። አዲስ አበባ ላይ ኒም በብርዱ ምክንያት አይሆንላችሁም፣ ዱቄቱን ግን ከዚህ ማስላክ ይቻላል።

ሌላው ስለ ሮቶና በርሜል። ክዳኑ ይገጥም፣ የውሃ መግቢያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይታሰር። እኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ሲገባ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ትራባ የነበረው በየቤቱ ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው። ሽሮ ሜዳ ብርድ ስለሆነ አያሳስባችሁም። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ግን ውሃ አጠራቅሙ ሲባል ክዳኑን አብራችሁ አስቡ።

የጉለሌ ልጅ (ግንቦት 11፣ ማታ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ዛሬ ከእናቴ ጋር የቦዩን መስመር በገመድ ለካን። ኒሙ እስኪመጣ ግን ጎመኑ ላይ አሁንም ክሽክሽ አለ። ምን ላድርግ? ቀንድ አውጣም ማታ ማታ ሰላጣውን ይጨርሳል። ሴት አያቴ እንዶድ ይገድለዋል ትላለች።

የጓሮ ሰው (ግንቦት 11፣ ማታ)

ክሽክሽ መጀመሪያ የሚሰፍረው ከቅጠሉ ሥር ነው። ገልብጠሽ እዪው። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቂው ወይም በውሃ እጠቢው፤ አንዴ ከወደቀ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ከበዛ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ሟሙቶ ይረጭ፣ ኦሞ ሳይሆን። ሳሙናው የሚሠራው ክሽክሹ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ብቻ ስለሆነ ከቅጠሉ ሥር አድርጊው። በማግስቱ ጎመኑን በውሃ አጠጪው።

ከዚያ በፊት ግን ቅጠሉ ላይ ማን እንዳለ እዪ። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ካለች አትንኪያት። ልጇ ግን እሷን አትመስልም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ምልክት ያላት፣ ስድስት እግር ያላት ሸካራ ትል ናት። ሰው ጎጂ መስላው ይጨፈልቃታል። በክሽክሹ መሐል እየዞረች አንድ በአንድ የምትበላው እሷ ናት። እናትና ልጅ ካሉ ሳሙናውን ተዪው፣ ጥቂት ቀን ጠብቂ።

እንዶዱን በተመለከተ አያትሽ ነገር ያውቃሉ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከሥር ያለው ቀንድ አውጣ እንደሚሞት አይተው ነው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት። ያ ግን ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። አንቺ ጋ ያለው ውሃ ደግሞ ታጥቦ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። ስለዚህ አልመክርሽም። ማታ አሮጌ ጣውላ ወይም እርጥብ ጆንያ መደቡ ዳር አስተኚ። ጠዋት ስትገልጪው ሁሉም ከሥሩ ተሰብስበው ታገኛቸዋለሽ። ዶሮ ካላችሁ ስጧት።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ግንቦት 12)

ሰላም ከሜሪላንድ። ወላጆቼ ገርጂ ነው የሚኖሩት። ግቢያቸውን ሙሉውን ሣር ላስነጥፍላቸው አስቤ ነበር፣ እንደዚህ አገር ለጥ ያለ አረንጓዴ። ይህን ውይይት ሳነብ ጥርጣሬ ገባኝ። እዚህ የሣር ነገር ሕግ አለው። ከሣር ላይ የሚታጠበው ማዳበሪያ ቼሳፒክ ቤይ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ ስለበከለው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ሣር ላይ ማዳበሪያ መበተን ክልክል ነው። የዝናብ ውሃ የሚያሰርግ አትክልት ቦታ ለሚሠራ ደግሞ የኛ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ከወጪው ይመልስለታል። አዲስ አበባ ላይ ሣሩ ያዋጣል ወይ?

እናት ጓዳ (ግንቦት 12)

ልጄ፣ ለወላጆችህ በማሰብህ ተባረክ። ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በጥርና በየካቲት ሣር የሚያጠጣው ማን ነው? አባትህ ከሰዓት ቁጭ የሚሉበት ያህል፣ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ሣር በቂ ነው። የቀረው ላይ እናትህ የሚሸመጥጡት ነገር ይኑር። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ አሪቲ። ብዙ ውሃ አይፈልጉም፣ ሲያብቡ ንብ ይሞላቸዋል።

ንብ ወዳጅ (ግንቦት 12፣ ማታ)

እዚህ ላይ እኔም ልግባ። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፣ ከተማው ውስጥ ግን ንብ የምታርፍበት እያጣች ነው። ግቢ ሁሉ ሊሾ፣ አጥሩ ሁሉ ብሎኬት፣ አበባው ሁሉ ከውጭ የመጣ ድርብርብ ቅጠል ያለው። እንዲህ ያለው ድርብርብ አበባ ለዓይን ነው እንጂ ንቧ ወደ ወለላው አትደርስም።

አጥር የምትተክሉ ሰዎች፣ ግራዋ ትከሉ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ በበጋ ሌላው አበባ ሲጠፋ ነጭ አበባው በንብ ይሸፈናል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ለኮምፖስት፣ ቅጠሉ ለጋን ማጠቢያ። እሾህ ያለው ከፈለጋችሁ አጋም አለ፣ ፍሬውን ልጆች ይበላሉ። ቀጋ አለ። ግድግዳ ጥግ ለምትቀር ደረቅ ቦታ ደግሞ እሬትና ራስ ክምር ትከሉ፤ እነዚያ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ረጅም ምንቃራቸውን እያስገቡ ወለላውን ሲመጥጡ በመስኮት ታያላችሁ። ከመደቡ አንዱን ጥግ ደግሞ ሳታርሙት ተዉ፣ አደይ አበባ ራሱ ይበቅላል።

ጣና ዳር (ግንቦት 13)

ከባሕር ዳር ነኝ። ስለ ውበት ተብሎ የሚተከል ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሮ ነው፤ ሰው ለኩሬው ጌጥ ብሎ ነው የወሰደው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ። ከዚያ በኋላ ገበሬው በደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ስንት ዓመት ሆነው።

በየግቢው የምታዩት የወፍ ቆሎም እንደዚያው ነው። ቢጫና ሮዝ አበባው ያምራል፣ ወፍ ፍሬውን ይበላና ጫካ ውስጥ ይዘራዋል፣ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ግጦሹን ይወርሳል። አጥራችሁ ላይ ካለ ሥሩን ነቅላችሁ በግራዋ ወይም በአጋም ተኩት። የቤት ኩሬ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ እንቦጭ አታስገቡ፤ አንድ ቁራጭ በጎርፍ ከወጣ በቂ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ (ግንቦት 13)

እኔ ኮንዶሚኒየም ነኝ። መሬት የለኝም፣ በረንዳ አለኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቀድጄ ቆስጣ ልዘራበት አስቤያለሁ። አሮጌ ጎማም አግኝቻለሁ። አፈር ከየት ላምጣ?

የጓሮ ሰው (ግንቦት 13)

ጀሪካኑ ጥሩ ነው፣ የምግብ ዘይት የነበረበት ከሆነ። ኬሚካል የነበረበትን ተወው። ከሥሩ ብሳው። እርጥብ አፈር የሞላው ጀሪካን 30 ኪሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ በረንዳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጥ። ጎማውን ለአበባ እንጂ ለሚበላ ነገር አላደርገውም፤ ሲያረጅ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው።

አፈሩ ላይ ግን አደራ እልሃለሁ። በየመንገዱ ዳር በጆንያ የሚሸጠውን ጥቁር የጫካ አፈር አትግዛ። ያ አፈር ከደን ሥር ተገፎ የመጣ ነው። ዛፍ ሥር ያለ አንድ ስንዝር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። አበባ ማሰሮ ለማልማት ደን ማራቆት ትክክል አይደለም።

ችግኝ ቤት (ግንቦት 13፣ ማታ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እኔ ችግኝ አፍልቼ የምኖር ሰው ነኝ። የጫካ አፈር የሁላችንም ድብልቅ ውስጥ አለ፤ ከድሮም በችግኝ ጣቢያዎች የተማርነው እሱን ከፍግና ከአሸዋ ጋር መቀላቀል ነው። ደንበኛም አፈሩ ጥቁር ካልሆነ አይገዛም። "ይሄ አፈር ቀይ ነው፣ አይበቅልም" ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። እኛን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

የጓሮ ሰው (ግንቦት 13፣ ማታ)

ልክ ነህ፣ ያስተማርናችሁ እኛው ባለሙያዎቹ ነን። አንተን ለመውቀስ አይደለም። ያኔ ችግኝ ጣቢያው ጥቂት ነበር። አሁን በየሰፈሩ ችግኝ ይፈላል፣ አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፍላጎቱ ሌላ ደረጃ ደርሷል። ዛፍ ለመትከል የደን አፈር የምንገፍ ከሆነ በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው እየወሰድን ነው። ገዢውም ጠይቁ፦ አፈሩ ከየት መጣ? በኮምፖስት የፈላ ችግኝ ትንሽ ቢወደድም ግዙ።

ሰሚት (ግንቦት 14)

ይህንን አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት አጥሬ ጥግ የተከልኳቸው ጽጌረዳዎች ሁሉ በዚያ አፈር ነው የመጡት። ስለ ዘርም አንድ ነገር ልበል። የአበሻ ጎመን ዘር የምትገዙ ከሆነ ዲቃላ ያልሆነውን ጠይቁ። ሁለት ሦስት ጠንካራ እግር ሳትቆርጡ ተዉት፣ ያብብ፣ ዘሩ ይድረቅ። ለሚቀጥለው ዓመት አትገዙም። ከዲቃላ የተወሰደ ዘር ግን እናቱን አይመስልም።

የጉለሌ ልጅ (ግንቦት 15)

ቦዩ አለቀ። ትናንት ማታ በጣለው ዝናብ ውሃው እዚያው ቆሞ አደረ፣ በር ላይ ጭቃ የለም። ክምሩንም ጀምረናል፣ ዱላውም ተሰክቷል። ፍግ ግን አላገኘንም። ያለ ፍግ ይሆናል? ጎረቤታችን የዶሮ ኩስ ልትሰጠኝ ትችላለች፤ እሱን በቀጥታ መደቡ ላይ ባደርገውስ?

የጓሮ ሰው (ግንቦት 15)

ጎበዝ። ያለ ፍግ ይሆናል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። እርጥቡን ነገር አብዢለት፣ ከአሮጌ መደብ ሁለት እፍኝ አፈር ጣል አድርጊበት፤ የሚያበሰብሱት ሕዋሳት እዚያ ውስጥ አሉ። የዶሮ ኩስ ካገኘሽ ግን ተቀበይ። በቀጥታ መደብ ላይ አታድርጊው፣ ትኩስ ስለሆነ ሥሩን ያቃጥላል፣ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣም ንጹሕ አይደለም። ወደ ክምሩ ነው የሚገባው፣ ስስ ስስ እየተደረገ።

ችግኝ ቤት (ግንቦት 16)

ጋሼ፣ ትናንት ሳስብበት አደርኩ። ከሚቀጥለው ዙር ግማሹን ያለ ጫካ አፈር ላፈላ ነው። መጠኑን ይንገሩኝ። ኮምፖስቱ መድረሱንስ በምን አውቃለሁ? ችግኝ ከተቃጠለብኝ ኪሳራ ነው።

የጓሮ ሰው (ግንቦት 16)

ሁለት እጅ ተራ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። አፈሩ መረሬ ከሆነ አሸዋውን ወደ ሁለት እጅ አድርሰው። ለኮምፖስቱ መፈተኛ አንድ እፍኝ ወስደህ እርጥብ አድርገህ በፌስታል ጠበቅ አድርገህ እሰረውና ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ስትፈታው አፈር አፈር ከሸተተ ደርሷል። ከከረፋ ወይም ከኮመጠጠ ገና ነው፣ ክምሩን አገላብጠህ ሌላ ሦስት ሳምንት ስጠው። ከዚያ በአሥር ማሰሮ ሰላጣ ዘርተህ እይ፤ ሰላጣ ባልደረሰ ኮምፖስት ላይ አይበቅልም፣ ቶሎ ይነግርሃል።